የጠፋና ዳግም የተለመደ አፍ መፍቻ፦ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት ከቋንቋ ለመዳ አንጻር

መግቢያ

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የሚታወሱት በብዙ ማዕረግ ነው። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ተቆጣጣሪ፣ የጨርጨር ገዥ፣ በፋሽስት ወረራ ዋዜማና ወቅት በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች እኚህን ሰው የሚያነሡአቸው በአብዛኛው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለለውጥ ከተነሡት ምሁራን ጋር አጣምረው ነው። ሕይወታቸው ግን ለሥነ ልሳን ተመራማሪም ከባድ ጥያቄ ያቀርባል። በጎንደር ምድር ተወልዶ አማርኛ መናገር የጀመረ ሕፃን በሦስት ዓመቱ ገደማ ከአገሩ ወጥቶ፣ ሰላሳ ዓመት ያህል አንድም የቋንቋው ተናጋሪ በሌለበት አካባቢ ኖሮ ሲመለስ ከመጀመሪያ ቋንቋው ምን ይተርፈዋል? ጉልምስና ላይ ዳግም የሚለምደው አማርኛስ የእናቱ ቋንቋ ነው ወይስ ሁለተኛ ቋንቋው? የሚከተለው አጭር ጽሑፍ የሐኪም ወርቅነህን ሕይወት በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ይተርካል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከመቅደላ ወደ ፑንጃብ

ወርቅነህ የተወለዱት በ1860ዎቹ አጋማሽ ነው። ሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ በአምባው ከነበሩት ቤተሰቦች መካከል የሕፃኑ ወርቅነህ ወገኖችም ይገኙ ነበር። በዚያ ግርግር ሕፃኑ ከቤተሰቡ ተለየ። ያገኙት የእንግሊዝ ወታደሮች ሲሆኑ፣ ቻምበርሌን የተባለው መኮንን ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ። ዕድሜው በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር።

የሦስት ዓመት ሕፃን በቋንቋ ረገድ ባዶ እጁን አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ የሚያድግ ልጅ በዚህ ዕድሜው ግሥን በጾታና በቁጥር ያረባል፤ አሉታን ያውቃል፤ ላልቶና ጠብቆ የሚነገረውን ለይቶ ይሰማል። “ገና” ላልቶ ሲነገር አለመድረስን፣ ጠብቆ ሲነገር በዓልን እንደሚያመለክት ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ደንቡን ያስተማረው ሰው የለም። ከሚሰማው ንግግር መካከል ራሱ ለይቶ ያወጣዋል። አንዳንዴም ሰፊ የሆነውን ደንብ በማይሠራበት ቦታ እየተጠቀመ አዋቂዎችን ያስቃል። ስሕተቱ ራሱ ሕፃኑ ቃላትን እንደ በቀቀን እየደገመ ሳይሆን ሥርዐትን እየገነባ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ ከመቅደላ የወጣው ሕፃን ይዞት የሄደው ጥቂት ቃላትን ሳይሆን፣ መሠረቱ የቆመ፣ ጣሪያው ገና ያልተከደነ ቤት የሚያህል ቋንቋን ነበር።

ቻምበርሌን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርት ወጪውን ተሸከመ። ሕፃኑም ከሁለቱ አሳዳጊዎቹ ስም ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ያደገው በፑንጃብ፣ በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ነው። በክፍሉና በጸሎት ቤቱ የሚሰማው እንግሊዝኛ ነበር፤ በገበያውና በመንገዱ ኡርዱና ፑንጃቢ ይነገሩ ነበር። አማርኛ የሚያናግረው፣ የሚቆጣው፣ የሚያባብለው፣ ተረት የሚነግረው ሰው አልነበረም። በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተምሮ በ1882 ሲመረቅና በሕንድ መንግሥት የሕክምና አገልግሎት ሥራ ሲይዝ፣ የሚያስብበትም የሚጽፍበትም ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ከፍተኛ የሕክምና ማረጋገጫ ካገኙ በኋላ በበርማ ተመድበው ሠሩ።

የመጀመሪያ ቋንቋ እንዴት ይጠፋል?

በተለምዶ አፍ የፈቱበት ቋንቋ እንደ ደም ከሰውነት የማይለይ ተደርጎ ይታሰባል። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት ይህን እምነት ይፈትነዋል። ቋንቋ በዘር የሚወረስ ቢሆን ኖሮ፣ ከጎንደር የተወለደው ወጣት በፑንጃብም ሆነ በበርማ አማርኛው አብሮት ይኖር ነበር። የሚወረሰው ግን የመልመድ ችሎታው ነው። የሚለመደው ቋንቋ የሚወሰነው ሕፃኑን ከበው በሚናገሩት ሰዎች ነው።

ይህን የሚያጠናክሩ ጥናቶች ከሐኪም ወርቅነህ ሞት በኋላ ተሠርተዋል። ዌርከርና ቲስ በ1984 ባሳተሙት ጥናት በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የሚያድጉ ሕፃናት ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ዕድሜአቸው የሂንዲን እንዲሁም የአንድ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ቋንቋን ድምፆች ለይተው እንደሚሰሙ፣ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን ይህ ችሎታ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳዩ። የኋለኛው ቋንቋ ድምፆች እንደ አማርኛው “ቀ” ጉሮሮ ተዘግቶ በሚወጣ አየር የሚፈጠሩ ናቸው። ስለዚህ የሕፃን ጆሮ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ለአካባቢው ቋንቋ ይሳላል፤ ለማይሰማው ድምፅ ደግሞ ይደነዝዛል።

ለወርቅነህ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው ፓልየና ባልደረቦቹ በ2003 ያወጡት ጥናት ነው። በሦስትና በስምንት ዓመት መካከል ከኮርያ ወደ ፈረንሳይ በጉዲፈቻ ተወስደው ያደጉ ሰዎች አዋቂ ከሆኑ በኋላ የኮርያ ቋንቋ እንዲሰሙ ተደረገ። የኮርያን ቋንቋ ከሌሎች ባዕድ ቋንቋዎች ለይቶ በማወቅ ረገድ ፈረንሳይ ተወልደው ካደጉት አልተሻሉም፤ በአንጎላቸው እንቅስቃሴም የተለየ ነገር አልታየም። በሌላ በኩል በ2014 በሞንትሪያል የተደረገ ጥናት የተለየ ውጤት አስገኘ። በሕፃንነታቸው ከቻይና ተወስደው ፈረንሳይኛ ብቻ እየተናገሩ ያደጉ ልጃገረዶች የቻይንኛን የድምፅ ቃና ሲሰሙ አንጎላቸው ቻይንኛ ከሚናገሩ ልጆች ጋር የሚመሳሰል ምላሽ ሰጠ። ልጆቹ ቃላቱን አያውቋቸውም፤ የቀድሞው ቋንቋ ፈለግ ግን አልተደመሰሰም። ሁለቱ ውጤቶች ሲነጻጸሩ፣ የመጀመሪያ ቋንቋ ከአፍ ፈጽሞ ሊጠፋ እንደሚችል፣ ከአንጎል ይጠፋ አይጠፋ ግን ገና ያልተቋጨ ጉዳይ መሆኑ ይታያል።

የተመለሰው እንግዳ

በመጋቢት 1896 የዐድዋ ድል ወሬ በዓለም ሲናኝ ቻርልስ ማርቲን በበርማ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሐኪም ነበሩ። ኢትዮጵያዊነታቸውን በወሬ ያውቁታል፤ አገሩን ግን አያስታውሱትም። በ1899 ገደማ የዘመኑ የጉዞ መስመር በሆነው በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገቡ፤ ድንኳን ተክለውም ሕመምተኞችን ማከም ጀመሩ። ስለ እንግዳው ሐኪም የሰሙ አያታቸው መጥተው በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩአቸው። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ወርቅነህ የሚባለው የልደት ስማቸው ተመለሰላቸው።

ጠባሳው ከገላ አልጠፋም፤ ቋንቋው ግን ከአንደበት ጠፍቶ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ አገራቸው ሲገቡ አማርኛ አያውቁም ነበር፤ ከዘመዶቻቸውም ሆነ ከታካሚዎቻቸው ጋር ለመግባባት አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር። በሦስት ዓመት ዕድሜ ከእናት አፍ የሰሙት ቋንቋ በሠላሳ አራት ዓመት ዕድሜ ገደማ ከመጀመሪያው ፊደል የሚጀመር ትምህርት ሆነባቸው።

የጎልማሳ ለመዳ ከሕፃን ለመዳ በብዙ ይለያል። ሕፃኑ ጊዜ አለው፤ ሲሳሳት የሚያፍርበት ማዕረግ የለውም፤ ከእናቱና ከእኩዮቹ ጋር ለመኖር ቋንቋው የግድ ያስፈልገዋል። ጎልማሳው ደግሞ የሚገልጽበት ሌላ ቋንቋ አስቀድሞ ይዟል፤ አዲሱን በቀድሞው መነጽር ያየዋል። ሌነበርግ በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ተፈጥሯዊ የቋንቋ ለመዳ በጉርምስና አካባቢ የሚያበቃ የተወሰነ ጊዜ አለው የሚል አሳብ አቀረበ። ጆንሰንና ኒውፖርት በ1989 ከኮርያና ከቻይና ወደ አሜሪካ የሄዱ 46 ሰዎችን መርምረው፣ ከሰባት ዓመት በፊት የደረሱት በእንግሊዝኛ ሰዋስው ከአገሬው ተናጋሪ ጋር ሲተካከሉ፣ ዘግይተው የደረሱት ግን በደረሱበት ዕድሜ ልክ እንደሚያንሱ አገኙ። ጊዜው በአንድ ቀን እንደሚዘጋ በር መሆኑ ቀርቶ ቀስ በቀስ እንደሚጠብ መንገድ ነው የሚሉም አሉ። በሁለቱም አመለካከት ቢታይ ሐኪም ወርቅነህ እንግሊዝኛን በሰፊው፣ አማርኛን በጠባቡ በኩል ገብተውበታል። የትውልድ ሐረግ የሚለው ሌላ፣ የለመዳ ታሪክ የሚለው ሌላ ሆነ።

ትምህርት ቤት፣ መጽሐፍና ማስታወሻ

የመጀመሪያው ጉብኝት አጭር ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ወደ በርማ ሥራቸው ተመልሰው፣ ከ1908 እስከ 1913 በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት አገለገሉ። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ፤ በ1919 ጡረታ ወጥተው ለመኖር መጡ። ሁለተኛውን የአማርኛ ዕድሜአቸውን የገነቡት በነዚህ ዓመታት ነው። አማርኛ ለእሳቸው የቤት፣ የችሎትና የአደባባይ ቋንቋ ሆነ። ቋንቋን በመማር ብቻ ሳይሆን በመኖር መልመድ የሚቻለው እንዲህ ያለ አስገዳጅ ኑሮ ሲኖር ነው።

የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1925 ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪነቱ ለእርሳቸው ተሰጠ። በትምህርት ቤቱ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የማስተማሪያውን ዋና ቦታ ይዘው ነበር። ከአገሩ ቋንቋ ተነቅሎ በባዕድ ቋንቋ የሠለጠነ ሰው፣ አፋቸውን በአገር ቋንቋ የፈቱ ልጆች በባዕድ ቋንቋ የሚማሩበትን ተቋም መምራቱ የዘመኑ ትምህርት ያዘለውን ተቃርኖ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ያሳያል። ከባርነት ነጻ የወጡ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤትም በእርሳቸው አመራር ሥር ነበር። እነዚያ ልጆች እንደ እሳቸው በግዳጅ ከወገናቸው የተለዩ ነበሩ፤ የእናታቸውን ቋንቋ ይዘው የመቆየት ዕድላቸውም በጣም የጠበበ ነበር።

ሐኪም ወርቅነህ በ1920ዎቹ መጨረሻ የዓለምን መልክዓ ምድር የሚያስተምር መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ትርጉም አለው፤ ሕንድን፣ በርማንና ብሪታንያን በእግራቸው የረገጡ ሰው ያዩትን ዓለም በሕፃንነታቸው ባጡት፣ በጎልማሳነታቸው ባስመለሱት ቋንቋ ለአገራቸው ልጆች አቀረቡ። ዕለታዊ ማስታወሻቸውን ግን ይጽፉ የነበረው በእንግሊዝኛ ነው። ለሌላ ሰው የማይጻፍ ማስታወሻ አንድ ሰው ሳይጨነቅ የሚገባበትን ቋንቋ ይጠቁማል። እንግሊዝኛ ለሐኪም ወርቅነህ ከትውልድ ቋንቋቸው በላይ ቅርብ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ በአገር ፍቅራቸው ላይ ያጎደለው የለም። በ1927 በጣና ግድብ ጉዳይ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከዋል፤ ከ1930 ጀምሮ ጨርጨርን አስተዳድረዋል፤ ጣልያን ኢትዮጵያን ስትወር በለንደን ስለ አገራቸው ተሟግተዋል። ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በ1937 ከየካቲቱ ጭፍጨፋ ጋር ተያይዞ በፋሽስቶች ተገድለዋል። በእንግሊዝኛ ያስብ የነበረው ሰው ለኢትዮጵያ የከፈለው ዋጋ ይህን ያህል ነው። ቋንቋና ታማኝነት አንድ ናቸው የሚለው አሳብ በዚህ ሕይወት ፊት አይቆምም። ሐኪም ወርቅነህ በ1952 ዐርፈዋል።

ንጽጽር፦ ኦነሲሞስ ነሲብ

በዚያው ዘመን የኖረ የሌላ ሕፃን ታሪክ ነገሩን ያጠራዋል። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተወሰደ። ከእጅ ወደ እጅ ተሽጦ ምጽዋ ከደረሰ በኋላ በ1870 ነጻ ወጣ፤ በምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በስዊድንም ሠለጠነ። በ1893 አዲስ ኪዳንን፣ በ1899 ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ለኅትመት አበቃ። ሆኖም በልጅነቱ ከወገኑ በመለየቱ የኦሮምኛው ጥልቀት ለዚህ ሥራ ብቻውን አልበቃውም። ምኩሉ የነበሩ ሌሎች ነጻ የወጡ ኦሮሞዎች አገዙት፤ በተለይም አስቴር ጋኖ ከማስታወሷ አሥራ አምስት ሺህ ያህል ቃላት ለያዘ መዝገበ ቃላት አሰባስባለች፤ ተረትና ምሳሌም መዝግባለች።

ሁለቱም ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ነው። ልዩነቱ ያለው በዙሪያቸው ባለው የተናጋሪ ማኅበረሰብ ላይ ነው። ኦነሲሞስ በምኩሉ ቋንቋውን የሚናገሩ እኩዮች አገኘ፤ የጎደለውን ከእነሱ ሞላ። ቻርልስ ማርቲን ተብሎ ያደገው ወርቅነህ በፑንጃብ ብቻውን ነበር። አንድ ቋንቋ በአንድ ሰው ውስጥ ብቻውን አይኖርም፤ ለመኖር ቢያንስ ሁለት ሰው ይሻል።

ዘነበወርቅ፦ ሕያው የመስክ ቦታ

ይኸው ሕግ በከተማችን ምዕራብ በኮልፌ ቀራኒዮ በዘነበወርቅ ሠፈር በተቃራኒው መልክ ይታያል። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በ1930ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተቋቋመውና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው ሆስፒታል ነው፤ በ1965 የአለርት ማእከል የተመሠረተውም በዚሁ ነው። ለሕክምና ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር የመጡ ሰዎች በዙሪያው ሰፈሩ። ወላጆቹ የየራሳቸውን ቋንቋ ይዘው መጥተው በአዋቂነታቸው አማርኛን ከጎረቤትና ከገበያ ለመዱ፤ እዚያው የተወለዱ ልጆች ግን በጨዋታ ሜዳ ከእኩዮቻቸው ጋር አማርኛን ያለ አስተማሪ ያዙት። በእንዲህ ያለ ሠፈር የወላጅ ቋንቋ ለልጅ የሚተላለፈው ቤት ውስጥ በየዕለቱ ሲነገር ነው፤ አለዚያ ልጁ ሰምቶ የሚረዳው፣ ራሱ ግን የማይናገረው ቋንቋ ይሆናል። ወርቅነህ ወደ ባዕድ ምድር ተወስደው ያጡትን፣ የሠፈር ልጅ በተወለደበት ቤት ሊያጣው ይችላል። አንድ ቤተሰብ በስንት ትውልድ ቋንቋውን እንደሚለውጥ፣ አያቶች በቤት መኖራቸው ይህን ምን ያህል እንደሚያዘገየው በዚህ ሠፈር በመስክ ሊጠና የሚገባው ነው።

ማጠቃለያ

የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት ሦስት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ በሦስት ዓመት ዕድሜ የቆመ ሰዋስው የሚናገሩት ማኅበረሰብ ሲጠፋ አብሮ ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ የጠፋውን ቋንቋ በጎልማሳነት ማስመለስ ይቻላል፤ የሚመለሰው ግን በሌላ መንገድ የተለመደ፣ በጥረትና በኑሮ የተገኘ ቋንቋ ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ሰው ለአገሩ የሚሆነው ሰው መሆኑ በአፍ መፍቻው አይለካም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻን በ2018 እስክታግድ ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል። ብዙዎቹ የወርቅነህ ዕድሜ ያህል ነበሩ፤ አሁን እያደጉ ነው። ከእነርሱ መካከል ቤተሰባቸውን ፍለጋ መጥተው ከእናታቸው ጋር በአስተርጓሚ የሚነጋገሩ አሉ። የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የወላይትኛና የሌሎች ቋንቋዎቻችን ፈለግ በነዚህ ወጣቶች ጆሮ ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ መመርመር ለአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚገባ ሥራ ነው። ዳግም ለመማር ለሚመጡትም እንደ ፍጹም ባዕድ ጀማሪ ወይም እንደ አገሬው ተናጋሪ ከመቁጠር ይልቅ ለታሪካቸው የሚስማማ የትምህርት ዘዴ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ለወርቅነህ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የጠፋውን ቋንቋ መልሰው የገነቡት ራሳቸው ነበሩ።